ያረጀ የሞዴል ባቡር እንደገና ለማስኬድ፦ ካጠፋሁት የተማርኩት

በጀርመን አገር፣ ከሽቱትጋርት ከተማ ብዙም በማይርቅ ሰፈር እኖራለሁ። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ባለቤታቸው የሞቱባቸው በዕድሜ የገፉ ጎረቤት አሉን። እ.ኤ.አ. በ2022 ኅዳር ወር ምድር ቤታቸውን ሊያስለቅቁ ሲሉ ጠሩኝና፣ ግድግዳ ተደግፎ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ትልቅ ነገር ገልጠው አሳዩኝ። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ የኮምፔንሳቶ ገበታ ነው። በላዩ ሁለት ዙር ሐዲድ፣ ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግር ስምንት መቀያየሪያ፣ አንድ ጣቢያ፣ ከጀሶ የተሠራ ተራራና ተራራውን የሚሰነጥቅ ዋሻ አለው። ባለቤታቸው በወጣትነታቸው የሠሩት የሞዴል ባቡር ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ማንም አልነካውም፤ ሐዲዱ ዝጓል፣ ቤቶቹ ወድቀዋል፣ የተራራው ግማሽ ሻግቷል። «ከምጥለው ውሰደው፣ ለልጅህ ይሁናት» አሉኝ።

እኔ የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክ የነበረኝ እውቀት አምፖል ከመቀየር አያልፍም ነበር። አባቴ ግን ድሬዳዋ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ እስኪወጡ የሠሩ ሰው ስለሆኑ፣ ያደግሁት ስለ ፉርጎና ስለ ሐዲድ ሲወራ እየሰማሁ ነው። ባቡር ቆሻሻ ላይ ሲጣል ማየት አልሆነልኝምና እሺ አልኩ። ሥራው አምስት ወር ፈጀ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ወር ያለቀው ገበታው ያረጀበትን ሳይሆን እኔ ያበላሸሁትን በመጠገን ነው። ይህን የምጽፈውም እነዚያን ሦስት ወራት ለሌላ ሰው ለማትረፍ ነው።

የመጀመሪያውን ጥፋት ያጠፋሁት ገበታውን ወደ ቤት ባስገባሁበት ምሽት ነው። ልጄ አሥር ዓመቷ ነው፤ አጠገቤ ቆማ «አባዬ፣ ይሄዳል?» ስትለኝ፣ ከሐዲዱ ጋር የመጣውን ትራንስፎርመር ምንም ሳልመረምር ስፒናውን ሶኬት ላይ ሰካሁት። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ከባድ የብረት ሣጥን ነው። ለጥቂት ሰከንድ ጉም ጉም የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ከዚያም የቤቱ መብራት ሁሉ ጠፋ። በማግስቱ በቀን ብርሃን ሳየው የገመዱ ሽፋን ደርቆ እንደ ክረምት ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ ገመዱ ወደ ሣጥኑ በሚገባበት ቦታ ላይ መዳቡ ራቁቱን ወጥቷል። ሣጥኑ ብረት ነው፤ እጄ በሣጥኑ ላይ ነበር። ከዚያ በላይ መናገር አያስፈልግም።

ስለዚህ በእጃችሁ የገባ አሮጌ ትራንስፎርመር ካለ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያጎበጣችሁ ተመልከቱ፤ የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ አትሰኩት፣ ራሳችሁም አትክፈቱት። ሌላም ነገር አለ። እነዚህ አሮጌ ትራንስፎርመሮች የተሠሩት ለ220 ቮልት ነው፤ ዛሬ በቤታችን ያለው ግን 230 ቮልት ስለሆነ የሚያወጡትም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። አሮጌ ሎኮሞቲቭ ይህን ይችለው ይሆናል። በውስጡ ኤሌክትሮኒክ ያለበት የኋላ ዘመን ሎኮሞቲቭ ግን አቅጣጫ ለመቀየር የሚላከው የ24 ቮልት ግፊት ከልኩ ሲያልፍ ሊቃጠል ይችላል። እኔ አሮጌውን ለመታሰቢያ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ለ230 ቮልት የተሠራ ሌላ ገዛሁ። ለዚህ ሥራ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ያልቆጨኝ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ከመጀመሪያው ያነሰ አደገኛ፣ ግን እጅግ የበዛ ጊዜ የበላ ነው። ገበታውን ገልብጬ ሥሩን ሳይ፣ የሽቦ ብዛት እንደ ተበተነ ጥጥ ፈትል ሆኖ ታየኝና «ይህን ሁሉ አንሥቼ እንደ አዲስ ብዘረጋው ይሻላል» አልኩ። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አርባ ያህል ሽቦ በፒንሳ ነቅዬ ጨረስኩ። ፎቶ አላነሣሁም፣ ምልክት አላደረግሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎረቤቴ ከመሳቢያ ያገኙትን የሲጋራ ካርቶን ይዘውልኝ መጡ። በውስጡ ባለቤታቸው በእርሳስ የሣሉት የሽቦዎቹ ካርታ ነበር፤ እያንዳንዱ ሽቦ ቁጥር አለው፣ ያው ቁጥር በገበታው ሥር በጣውላው ላይም ተጽፏል። ያን ቁጥር በዓይኔ አይቼው ነበር፤ የእንጨት ነጋዴው የጻፈው መስሎኝ አለፍኩት።

እንደ ተበተነ ያየሁት ሽቦ በውስጡ ሥርዓት ነበረው። እንደዚህኛው ባሉ፣ ማርክሊን በተባለው የሞዴል ባቡር ሠሪ ድርጅት ዕቃ በተሠሩ አሮጌ ገበታዎች ቀይ ሽቦ ባቡሩን የሚያስኬደውን ኃይል ያደርሳል፣ ቡናማው የመመለሻው ነው፣ ቢጫው ለመብራትና ለመቀያየሪያዎች ኃይል ይሰጣል፣ ሰማያዊው ደግሞ ከመቀያየሪያ ወደ መቆጣጠሪያ ቁልፍ ይሄዳል። ይህን ባውቅ ኖሮ ሽቦዎቹ ራሳቸው ይነግሩኝ ነበር። እናንተ ግን አንድም ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት ሥሩን በሙሉ ፎቶ አንሡ፤ በየሽቦው በሁለቱም ጫፍ በናስትሮ ላይ ቁጥር ጽፋችሁ ጠቅልሉ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የሠራውን ሰው ወይም ቤተሰቡን «የተጻፈ ነገር አለ ወይ» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ የጠየቅሁት ከነቀልኩ በኋላ ነው።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የሐዲዱን ዓይነት ለዩ። ማርክሊን እ.ኤ.አ. በ1859 በጎፒንገን ከተማ የተመሠረተ፣ እዚሁ ጎረቤታችን ያለ ድርጅት ነው፤ የእርሱ ሐዲድ በሁለቱ ጎኖች መካከል ትናንሽ የብረት ነጥቦች ተደርድረውበታል። ኃይሉ የሚመጣው በእነዚያ ነጥቦች ሲሆን፣ ሎኮሞቲቩ ከሆዱ ሥር ባለ ረጅም የብረት ምላስ እየዳሰሰ ይወስደዋል፤ የሚመለሰው በጎንና ጎኑ ሐዲድ ነው። አብዛኛው ሌላ ሥራ ግን ባለ ሁለት ሐዲድ ነው፣ አንዱ ሐዲድ መሄጃ ሌላው መመለሻ። ይህን ሳላውቅ ከሰው የገዛኋት ቆንጆ አረንጓዴ ሎኮሞቲቭ እስከ ዛሬ መስኮት ላይ ቆማ ለጌጥ ብቻ ትታያለች።

ስለ ሐዲዱ ጽዳት ሳስብ አሁንም ያሳፍረኛል። ዝገቱን ለማንሣት መጀመሪያ የብርጭቆ ወረቀት ያዝኩ፤ ሐዲዱ አበራ፣ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ያበራሁት ሁሉ ከፊቱ ብሶ ዛገ፤ ምክንያቱም የብርጭቆ ወረቀቱ ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን ጭምር ልጦት ነበር። ቀጥዬ ድስት የሚታጠብበትን የብረት ጭረት ተጠቀምኩ፤ ይህኛው ባሰ። ከእርሱ የሚረግፉ ፀጉር የመሰሉ ክሮች በመሐል ነጥቦቹና ሐዲዱ በተቀመጠበት የብረት ገበር መካከል ገብተው ሾርት ያደርጋሉ፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ መግነጢሳዊ ኃይሉ ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። ልክ የሆነው መንገድ ቀላልና አሰልቺ ነው፦ ኢሶፕሮፒል አልኮል የነካ ነጭ ጨርቅ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ጨርቁ መጥቆር እስኪያቆም ድረስ መመላለስ። ጠንካራ ዝገት ላለበት ቦታ የእርሳስ ማጥፊያ ላጲስ ይበቃል። በላጲስም ካልለቀቀ ያ ቁራጭ አልቆለታል፤ ያገለገለ ቁራጭ ደግሞ በሞዴል ባቡር ገበያ በአንድና በሁለት ዩሮ ይገኛል።

አዲስ ትራንስፎርመር ገዝቼ፣ በካርታው መሠረት ሽቦውን ዘርግቼ፣ ሐዲዱን አጽድቼ ስጨርስ ጥር ገብቶ ነበር። ኃይል ስለቅበት ትራንስፎርመሩ ወዲያው ራሱን አጠፋ። ውጫዊው ዙር ላይ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ የት እንዳለ ግን ማወቅ አልቻልኩም። ለሁለት ሳምንት ያህል እንደ ጠንቋይ በግምት እየነካካሁ ከቆየሁ በኋላ፣ ለመተውና ለመጣል ተነሥቼ ነበር ማለት እችላለሁ።

በዚያ እሑድ እንደ ልማዴ ወደ ድሬዳዋ ደወልኩ። ለአባቴ ስለ ባቡሩ ያልነገርኳቸው «በዚህ ዕድሜህ አሻንጉሊት» ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ስነግራቸው ግን ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ፦ «አምፖል አስገብተህበታል?» ምን ዓይነት አምፖል ብዬ ስጠይቃቸው፣ «የመሞከሪያ አምፖል ነዋ! ልጄ፣ ሾርት በዓይን አይታይም፤ እንዲበራ ታደርገዋለህ እንጂ» አሉና አስረዱኝ። የአባቴ ምክር ይህ ነው፦ የከባድ መኪና ባለ 24 ቮልት አምፖል ፈልግ፤ ከትራንስፎርመር ወደ ሐዲድ የሚሄደውን ቀይ ሽቦ ቆርጠህ አምፖሉን በመካከሉ አስገባ፤ ኃይሉ ሁሉ በአምፖሉ ውስጥ ይለፍ። ሐዲዱ ላይ ምንም ሳይኖር አምፖሉ ከበራ ሾርት አለ ማለት ነው፣ ካልበራ ደህና ነው። በሾርት ጊዜ ኃይሉን አምፖሉ ስለሚበላው ትራንስፎርመሩም ሽቦውም አይቃጠልም፤ እየነካካህ አምፖሉ እስኪጠፋ ድረስ በእርጋታ መፈለግ ትችላለህ።

ሁለተኛውን ምክርም ጨመሩ፦ «ሁሉን አትፈትሽ፤ ግማሹን ለይ።» የውጪው ዙር 48 ቁራጭ ሐዲድ አለው። ዙር በመሆኑ በሁለት ቦታ ሐዲዱን በጥቂቱ አላቅቄ፣ በመሐል የሚገናኙት የብረት ምላሶች መካከል ጠንካራ ወረቀት አስገባሁና 24 እና 24 አድርጌ ከፈልኩት። ቀዩን ሽቦ መጀመሪያ ለአንዱ ግማሽ ቀጥሎም ለሌላው ስሰጥ አምፖሉ የበራው በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ያንን 12 እና 12፣ የበራውን 6 እና 6፣ ከዚያ 3 እና 3 እያልኩ ስወርድ በስድስት ሙከራ አንድ ቁራጭ ላይ ደረስኩ። ሁለት ሳምንት ያባከንኩበትን ነገር በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ያዝኩት። በስልክ የሚመለከቱት አባቴ አምፖሉ ሲጠፋ ከእኔ በላይ ጮኹ።

ያ ቁራጭ የሚገኘው በጀሶው ተራራ ሥር፣ ዋሻው ውስጥ ነበር። ተራራውን በጥንቃቄ በቢላ ከፍቼ ሳወጣው፣ የመሐሉን ብረት ከገበሩ የሚለየው ሽፋን በእርጥበት በስብሶ ዝገቱ ሁለቱን አገናኝቷቸዋል። ጀሶው የተለበጠበት በወንፊት ሽቦ ላይ በተነጠፈ ጋዜጣ ነው፤ አንዱ ገጽ እ.ኤ.አ. የ1971 ቀን ስላለበት የገበታውን ዕድሜ ያወቅሁት በዚያ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሻገተ ጀሶ ስትከፍቱ አፍና አፍንጫችሁን በጭምብል ሸፍኑ። ያለ ጭምብል በመሥራቴ አሥር ቀን አስሎኛል።

መቀያየሪያዎቹ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ትናንሽ የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ ቁልፉን ስትጫኑ አንዱ ጥቅል ለቅጽበት ኃይል ያገኝና ሐዲዱን ይስባል። ጥቅሉ የተሠራው ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። እኔ ግን የማይንቀሳቀስ መቀያየሪያ ሲያጋጥመኝ «ይለቅ ይሆናል» ብዬ ቁልፉን አምስት ስድስት ሰከንድ ተጭኜ ያዝኩትና ጥቅሉ ጨሰ። ያልተንቀሳቀሰው በውስጡ የደረቀ ዘይትና አቧራ ስለያዘው እንጂ ኃይል አጥሮት አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ በጣት ወዲያና ወዲህ አድርጉት፤ በጣት ካልቀለለ በኤሌክትሪክ አይቀልም። ከሥር ከፍታችሁ አጽዱት፣ ከዚያ ቁልፉን ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ። ቁልፉ ራሱም ተጭኖ የሚቀር መሆን አለመሆኑን ፈትሹ፤ የተጣበቀ ቁልፍ እናንተ ሻይ ስትጠጡ ጥቅሉን ያቃጥላል።

ለተቃጠለው ምትክ ፍለጋ በአንድ እሑድ በየአዳራሹ ወደሚደረገው የሞዴል ባቡር ገበያ ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ሽበት መካከል ብቸኛው ጥቁር ሰው እኔ ነበርኩ፤ መጀመሪያ ዕቃ ጫኝ መስያቸው እንደሆነ እገምታለሁ። የተቃጠለውን ከቦርሳዬ ሳወጣ ግን ሦስት ሽማግሌዎች ከበቡኝና፣ አንዱ በቴስተር ለካ፣ አንዱ ተቆጣ፣ አንዱ ከራሱ ሣጥን ምትክ አውጥቶ በነፃ ሰጠኝ። ከዚህ የተማርኩት ይህ ነው፦ ወደ እንዲህ ዓይነት ቦታ የተበላሸውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ እጁን የሚመጣ ገዢ ነው፣ የተቃጠለ ይዞ የሚመጣ ግን ወዲያው ወዳጅ ይሆናል።

ሎኮሞቲቮቹ ሁለት ናቸው፦ ባለ ሦስት አክስል ጥቁር የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ፣ እና እኛ አገር ሊቶሪና ይባል የነበረውን የመሰለ ቀይ ባለ ሞተር ፉርጎ። ጥቁሩ አልንቀሳቀስ ስላለ ዘይት ያንሰዋል ብዬ አፈሰስኩበት። ዘይቱ ኃይል ወደሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ወደሚያደርሰው ካርቦን ወረደ፣ የጎማው የላስቲክ ቀለበት ላይ ደረሰ፣ ሎኮሞቲቩም ቆሞ እየተንሸራተተ ጎማውን ብቻ የሚያሽከረክር ሆነ። በእርግጥ ችግሩ የነበረው የዘይት ማነስ አልነበረም፤ አሮጌው ዘይት እንደ ሙጫ ጠንክሮ ጥርሶቹን አጣብቋቸው ነበር። የላይተር ቤንዚን በነካ ብሩሽ፣ እሳት በሌለበትና አየር በሚገባበት ቦታ፣ ሙጫውን አጥቤ ሲደርቅ በስቴኪኒ ጫፍ አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት በአክስሎቹ ላይ አደረግሁ። ካርቦኖቹን ስትቀይሩ አንዱ ጥቁር ካርቦን፣ ሌላው የተጠቀለለ የመዳብ ወንፊት ሊሆን እንደሚችል እወቁና የትኛው በየት በኩል እንደነበረ ፎቶ አንሡ። አቅጣጫ መቀየሪያው ላይ ያለችውን የፀጉር ያህል የቀጠነች ስፕሪንግ ደግሞ ካልተቸገራችሁ አትንኳት። ከፉርጎዎቹ የአንዱ የብረት ሻሲ በእጄ ላይ እንደ ብስኩት ተፈረካከሰ፤ በድሮ ጊዜ ንጽሕናው ካልተጠበቀ ዚንክ የተቀለጡ ዕቃዎች እንዲህ ከውስጥ እያበጡ ይፈርሳሉ፣ መድኃኒትም የለውም።

ልጄ በዚህ መካከል «የአያቴ ባቡር በዚህ ሐዲድ ላይ ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። አብረን አሰላነው። የሞዴሉ ልክ 1 ለ 87 ነው፣ በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ስለነበር በዚህ ልክ ከ12 ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል፤ ስለዚህ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። አባቴ ይህን ሲሰሙ ብዙ አልተደሰቱም።

ስለ ቤቶቹና ስለ ዛፎቹ የምለው ጥቂት ነው፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አንሥታችሁ የወደቀውን መልሳችሁ ለጥፉ፣ ይበቃል። እኔ ግን ሁሉን አዲስ ማስመሰል ፈልጌ፣ ከጣቢያው አጠገብ በገበታው ጠርዝ ላይ አረንጓዴው ቀለም ተፍቆ ጀሶው የወጣበትን የመዳፍ ያህል ቦታ ሞልቼ ቀለም ቀባሁት።

በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴን ቡና ጠራኋቸው። ልጄ ትራንስፎርመሩን አዞረች፤ ጥቁሩ ሎኮሞቲቭ ሦስት ፉርጎ ጎትቶ ዋሻውን ገብቶ ወጣ፣ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። በሦስተኛው ላይ ጣቢያው መግቢያ ያለው መቀያየሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። የመሐል ነጥቦቹ በብዛት ስለተበሉ ምላሱ በደንብ አይነካቸውም፤ ይህን ችግር እስከ ዛሬ አላስወገድኩትም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል ጎረቤቴ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ግራ መዳፋቸውን አዲስ የቀባሁት ቦታ ላይ ልክ አሳርፈው ተደገፉና፣ በቀኝ ጣታቸው ሎኮሞቲቩን ገፋ አደረጉት። ባቡሩ ሄደ። «እርሱም ሁልጊዜ እዚህ ላይ ተደግፎ ነበር የሚገፋው» አሉ። ቀለሙ ገና በደንብ ስላልደረቀ መዳፋቸው አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ከጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንሥቼ ሰጠኋቸው፤ ጀሶው ላይ የቀረውን የመዳፋቸውን አሻራ ግን መልሼ አልቀባሁትም።